አይነቅሌና የቀይ ሥሩ መደብ

ሰፈሩ ሁሉ አይነቅሌ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ዶሮ አርቢው ነው፤ አውጥቶም አላበቃ፣ የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ በዚሁ እንዲጠሩት አድርጓል። ሰውየው አትክልተኛ ነው። ይቆፍራል፣ ይዘራል፣ ይኮተኩታል፤ ገና የበቀለ ነገር ሲያጠጣ ደግሞ ውሃው እንዳያስደነግጠው ብሎ እጀታዋ በወለቀ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ጠብ ጠብ ያደርግለታል። አረም ላይ ሲደርስ ምሕረት የለውም። ራሱ የዘራውን ችግኝ ግን «በዝቷልና አሳሳው» ያሉት ቀን እጁ አልታዘዝ ይለዋል። «ምን በወጣው? አንዴ በቅሏል እኮ፣ ይኑርበት እንጂ!» ይላል። ቀልዱን እንዳይመስላችሁ፤ የምሩን ነው።

ስለዚህ የአይነቅሌን ማሳ ከመንገድ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ይቀናል። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ አፈር አያሳይም። ቅጠሉን ገልጦ ሥሩን ያየ ደግሞ ሳቁ ያመልጠዋል፤ እርስ በርስ ተጨናንቀው ያደጉት ቀይ ሥሮች አውራ ጣት እንኳ አያክሉም። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት እስሩን አንስታ ግራና ቀኝ ካገላበጠች በኋላ «ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የጆሮ ጌጥ?» ብላ ጠየቀችው። አይነቅሌ አብሯት ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን አልሳቀም።

ማሳው የአክስቱ ነው። እትዬ ነው የሚላቸው። ከትንሽነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን አውጥተው መደቡ ጠርዝ ላይ ይቀመጡና ቅጠሉን እንደ ልጅ ጸጉር ይዳብሳሉ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚታየው መደቡ ነው፣ መስኮቱ ሲከፈትም ያው መደቡ ነው። እትዬ ቀኑን የሚያውሉት ከዚያ ጋር ነው።

የወለዱት ልጃቸው ከተማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳል። ክፉ ሰው አይደለም። እናቱን ይወዳል፣ የአክስቱን ልጅ አይነቅሌንም እንደ ታናሽ ወንድም ነው የሚያየው። ግን ማሳው እናቱን መቀለብ እንዳቃተው ዓይኑ እያየ ዓመታት አለፉ። ክረምቱ እንደወጣ መጣና አይነቅሌን አጥሩ ሥር ይዞት ቆመ።

«ቅር እንዳይልህ ወንድሜ» አለው። «አንድ ብሎኬት የሚያመርት ሰው ቦታውን አከራየኝ እያለ ነው። እማዬ ከኪራዩ መብያዋንም መታከሚያዋንም ታገኛለች። የዘንድሮውን ዘርህን እጠብቅሃለሁ። ቤቱን የሚደግፍ ነገር ካወጣህበት መሬቱን አልነካብህም፣ እረስበት። ካልሆነ ግን ሲሚንቶ ይራገፍበታል። እኔስ ምን ላድርግ?»

 የሰውየው ነገር እውነት ነው። እትዬ ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው ወጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ብሎኬት ሲዳብሱ ታየው። «እሺ» አለ።

ስለ ስልጠናው የነገረው ያው ዶሮ አርቢው ነው። «ለአነስተኛ ነጋዴና ለገበሬ የተዘጋጀ ነው። ንግድም እርሻም ያስተምራሉ፤ ሻይ አለው» አለው።

«አበልስ?»

«ሻይ አለው አልኩህ እኮ!»

ስልጠናው የሚሰጠው በወጣቶች አዳራሽ ነበር። የጠረጴዛ ቴኒሱን ጠረጴዛ ግድግዳው ጋ ገፍተው ሻዩን ደርድረውበታል። አሰልጣኟ እርሻ ኮሌጅ የተማረች፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ቦት ጫማዋ ግን ጭቃ የለመደ ወጣት ሴት ናት። ፕሮጀክተሩ ገና ከጅምሩ አሻፈረኝ ስላላት ወደ ትልቅ ወረቀትና ወደ ወፍራም እስክሪብቶ ዞረች። ከዚያ በኋላ ፕሮጀክተሩን የናፈቀው ሰው አልነበረም።

«የምትሸጡት ለማን ነው?» ብላ ጀመረች።

«ለመጣው!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ያልመጣ ቀንስ?»

 ዶሮ አርቢው ሻዩን ፉት አለ።

ቀጥላ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ የቀይ ሥር ዘር መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ስንት ፍሬ ይዛችኋል?» አለች። «አንድ!» አሏት። በፕላስቲክ ብርጭቆ አፈር ውስጥ አስተከለቻቸውና ብርጭቆዎቹን መስኮቱ ላይ ደረደረች። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለሱ ዘሮቹ በቅለው ከአንዱ ሦስት፣ ከሌላው አራት ቡቃያ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ነገሩን ገለጠችላቸው፤ እኛ አንድ ፍሬ የምንለው የቀይ ሥር ዘር አብረው የተጣበቁ የብዙ ዘሮች ቋጠሮ ነው። ስለዚህ የፈለገውን ያህል አራርቆ የዘራ ሰው እንኳ ሲበቅል አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት ግድ ይሆንበታል።

አይነቅሌ ክው አለ። እጁን አወጣና ተነሣ።

«የኔ እህት፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ዘር ሻጩ ምራቂ የሚጨምርልኝ መስሎኝ ነበር! በዘራሁ ቁጥር በረከቱን እያየሁ፣ ይሄ ሰው እንዴት ያለ ደግ ነው እያልኩ፣ ሁልጊዜ ጎመን ቆርጬ እወስድለታለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶሮ አርቢው ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «እሱስ ጎመኑን ሲቀበል ምን ይል ነበር?» ቢሉት «ምን ይላል? ይመርቀኛል!» አለ፤ እሱም ሳቀ። አሰልጣኟ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ስቃ ስታበቃ «ጋሼ፣ ምስጋናዎን አይተዉት። ማሳሳቱን ግን ይጀምሩ» አለችው። ምስጋናው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ነው የከበደው።

የቤት ሥራም ሰጠቻቸው። ማንም ሰው ገዢውን አግኝቶ ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቅ አንድ ዘር መሬት እንዳይጥል። አይነቅሌ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ወደ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሄደ። ኃላፊዋ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች፣ ከብረት ድስቶቿ እንፋሎት መሃል የምትወጣ ግዙፍ ሴት ናት።

«ቀይ ሥር? እፈልጋለሁ እንጂ!» አለችው። «ግን ትንንሹን ስልጥ መዋል ሰልችቶኛል፣ ትልልቁም እንጨት እንጨት ይላል። እኔ የምፈልገው ይሄን የሚያህለውን ነው» ብላ እጇን ጨብጣ አፍንጫው ሥር አቀረበችው። አይነቅሌ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ነገሩ ገባውና ከኪሱ የቲማቲም ማሰሪያ ሽቦ አውጥቶ፣ አስፈቅዶ፣ ጡጫዋን ዙሪያውን ለክቶ ሽቦውን ቀለበት አድርጎ ቋጠረው።

«ኧረ ባሌ የጋብቻ ቀለበቴን ሲያሠራ እንኳ እንዲህ አልለካኝም!» አለች፤ ሠራተኞቿ ሳቁ። «በል ስማ፣ በዚህ የሚሾልከውን እንዳታመጣብኝ። ሁሉንም ባንድ ቀን አምጥተህም እንዳትከምርብኝ። በሽተኛ አንድ ቀን በልቶ አይበቃውም፤ በየሳምንቱ ነው የምፈልገው። አንድ ሳምንት ከጎደልክ ወደ ሌላ ሰው እሄዳለሁ፤ ሳትጎድል ከዘለቅህ ግን ዓመቱን ሙሉ ያንተ ደንበኛ ነኝ።»

እንግዲህ የመሬቱ ነገር በዚያች የሽቦ ቀለበት ላይ ተንጠለጠለ። አይነቅሌ ቀለበቷን አንገቱ ላይ በክር አሥሮ ወገቡን ታጥቆ ተነሣ። አፈሩን ገለበጠ፣ ፍግ ጨመረ፣ ከአሰልጣኟ በተማረው መሠረት በመስመር ዘራ። ደስታው ከልክ ስላለፈ ግን አንድ ነገር ሳተ፤ ሴትዮዋ በየሳምንቱ ያለችውን ረስቶ መደቡን ሁሉ ባንድ ቀን ዘርቶ ጨረሰው። የዚህ መዘዝ ኋላ ይመጣል።

ዘሩ ግጥም ብሎ በቀለ። አራት አራት፣ አምስት አምስት እየሆነ፣ ጆሮውን አቁሞ ወጣ። አይነቅሌ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ጣቱን ወደ አንዱ ላከ፤ መለሰው። በማግስቱም ያው። በዚህ መሃል አሰልጣኟ የሠልጣኞቿን ማሳ ልትጎበኝ መሆኑ ተሰማ። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዶሮ አርቢውን ለመነው። ከእግረኛ መንገዱ ጎን ያሉትን ሁለት መስመሮች ዶሮ አርቢው ሲያሳሳለት እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። መሃሉ እንደነበረ ቀረ።

አሰልጣኟ መጣች። የመንገዱን ዳር እያየች «ጎሽ! ጎሽ!» አለች። አይነቅሌ ፊቱ በራ። ከዚያ እግሯን አንሥታ መስመሩን ተሻገረችና መሃል ገብታ ቅጠሉን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ሳሎኑን አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ጓዳው ምን ሆኖ ነው?»

አይነቅሌ መሬት መሬት አየ። ልጅቷ አልተቆጣችውም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «ይሄ ሳምንት ካለፈ ሥሩ መወፈሪያ ቦታ ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማናችንም ልናድነው አንችልም» አለችው። «እኔ መጥቼ ብነቅልልዎ የዘንድሮን ብቻ ነው የማድንልዎ። እጁ የእርስዎ መሆን አለበት።» ይህን ብላ ቦት ጫማዋን እያንኳኳች ወደሚቀጥለው ማሳ ሄደች።

እትዬ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። እሷ ስትርቅ እጃቸውን መደቡ ላይ ሰደዱ፤ ዳር ዳሩን ዳሰሱ፣ መሃሉን ዳሰሱ።

«ዳሩ ይተነፍሳል፣ መሃሉ ታፍኗል» አሉ። «ምነው ልጄ? ሰነፍ አይደለህ።»

ሊቀልድ ፈለገ፤ አልመጣለትም። አጠገባቸው አፈሩ ላይ ቁጭ አለና ዕድሜውን ሙሉ ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ።

«እትዬ፣ እኔም እኮ ሲበዛ ከተነቀሉት ነኝ። ቤታችን ሞልቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል እኔን አወጡኝ። በዚያ መንገድ እርስዎን ተከትዬ ስመጣ ትዝ ይለኛል። እነዚህን ባየሁ ቁጥር፣ የትኛውን ነው የማወጣው? ምን አጠፋ ብዬ?»

 የእትዬ እጅ ቅጠሉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ይሄንን ማን ነገረህ?» አሉት።

«ማንም አልነገረኝ። አውቀዋለሁ።»

«ምንም አታውቅም!» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ተቆጣ፣ ቁጣው ግን በሱ ላይ አልነበረም። «መብዛቱንስ በዝታችሁ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን እናትህ አላወጣችህም። ልጄ ለትምህርት ከተማ ሲገባ ይሄ ቤት ወና ሆነብኝ፤ እኔ ነኝ ሄጄ የለመንኳት። እምቢ አለችኝ። ደግሜ ሄድኩ፣ እምቢ አለችኝ። እሺ ያለች ቀንም ባዶህን አልሰጠችኝም። የምትተኛበትን ምንጣፍ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ታላቅ እህትህን ደግሞ አብራ ላከቻት፣ እስክትለምድ ድረስ አጠገብህ እንድታድር። ቤቱን እስክትለምደው ስንት ሰነበተች! አንተ መንገዱን ብቻ ነው የያዝከው። ከነአፈርህ ነው የመጣኸው፣ ልጄ።»

አይነቅሌ ቀና ብሎ አያቸው።

«ችግኝ የምታጠጣባት ኩባያስ?» አሉ እትዬ። «ከየት የመጣች መስሎህ ነው? እሷም አብራህ ነው የመጣችው። ከሌላ አልጠጣም ብለህ ታለቅስ ስለነበር እናትህ ናት የሰጠችኝ።»

ሰማያዊዋ ኩባያ ባልዲው ላይ ተደፍታለች። እጀታዋ የወለቀው መቼ እንደሆነ እንኳ አያስታውስም። ስንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሲያነሣት ከየት መጣሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ዘር ሻጩን ላላደረገለት ነገር በጎመን ሲያመሰግን የኖረ ሰው፣ ላደረጉለት አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነም። ይህን ሲያስብ እንባው መጣ፤ አልደበቀውም፤ ቢደብቀውም እትዬ ድምፁን ይሰሙታል።

ፊቱን በሸሚዙ ጠረገና ስልኩን አነሣ። አሰልጣኟ ገና ሩቅ አልሄደችም።

«የኔ እህት፣ የሚነቀለውን ከነአፈሩ አውጥቼ ሌላ ቦታ ብተክለውስ?»

«ካሮት ቢሆን አይሆንም ነበር፤ ቀይ ሥር ግን ይሞከራል» አለችው። «መጀመሪያ መደቡን በደንብ ያጠጡት። ገና ትንሽ ስለሆነ ብዙው ይይዛል፣ የሚሞትም ይኖራል። የያዘውም ከወንድሞቹ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እንዳይቸኩሉበት።»

አይነቅሌ መደቡን አጠጣ። ጎንበስ አለ። የመጀመሪያው ከበደው፤ ሁለተኛው ቀለለው። እትዬ መዳፋቸውን ዘርግተው እያንዳንዱን ችግኝ ከነጭቃው ተቀብለው በሰፌድ ላይ ያስቀምጡለት ነበር። በአጥሩ ሥር ማንም የማይዘራበት ጠባብ መሬት ነበር፤ ያው የአክስቱ ልጅ ቆሞ «ሲሚንቶ ይራገፍበታል» ያለበት ቦታ። እዚያ ቆፍሮ ተከላቸው። ዶሮ አርቢው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ዛሬስ ስምህን መቀየሬ ነው!» አለው፤ አልቀየረውም እንጂ። ከተተከሉት አንዳንዶቹ ጠውልገው ቀሩ። አይነቅሌ ለእነሱ አዘነ፤ ለያዙት በሰማያዊዋ ኩባያ ውሃ አመላለሰ።

መደቡ ደረሰ። አይነቅሌ የመጀመሪያውን ቀይ ሥር ነቅሎ፣ አፈሩን አራግፎ፣ ቀለበቷን አስጠጋበት። አልሾለከም። ሌላ ነቀለ፤ አልሾለከም። ዓይኑን ማመን አቅቶት የዶሮ አርቢውን ሚስት ጠርቶ አስለካት። ወጥ ቤት ሲያደርሰው ኃላፊዋ አንዱን አንሥታ ከጡጫዋ ጋር አስተያይታ «ጡጫዬን ሰርቀህ ነው እንዴ የዘራኸው?» አለችው። ሳምንታቱ በሰላም አለፉ። አንድ ማለዳ ግን አይነቅሌ መደቡ መሃል ቆሞ ዙሪያውን አየ፤ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ቀርተዋል። በተነቀለው ቦታ ኋላ የዘራው ገና ጆሮው ብቅ ማለቱ ነው። ሁሉንም ባንድ ቀን የመዝራቱ መዘዝ ይሄውና። ይሄን ሳምንት ከጎደለ ደንበኝነቱ ቀረ፤ ደንበኝነቱ ከቀረ መሬቱም አብሮ ሄደ። የአክስቱ ልጅ ደግሞ የመጨረሻውን ሊነግረው ዛሬ ጠዋት እመጣለሁ ብሏል።

 ባዶ ማዳበሪያውን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሲዞር እግሩ አጥሩ ሥር አደረሰው። በየቀኑ ያጠጣቸዋል፣ ግን መች ይደርሳሉ ብሎ አስቦ አያውቅም፤ በሕይወት መኖራቸው በቅቶት ነበር። ቅጠሉን ገለጠ። የቀይ ሥሩ ትከሻ አፈሩን ገፍቶ ወጥቷል። ነቀለና ቀለበቷን አስጠጋ። አልሾለከም።

የአክስቱ ልጅ መኪናውን አቁሞ ሲገባ አይነቅሌ ቀይ ሥር የሞሉ ማዳበሪያዎች ጋሪ ላይ ጭኖ በገመድ እያሠረ ነበር። ሰውየው ጋሪውን አየ፣ በርጩማቸው ላይ የተቀመጡትን እናቱን አየ፣ አጥሩ ሥር የተቆፈረውን መሬት አየ።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አለ።

«ከዚሁ!» አለው አይነቅሌ።

 ነጋዴው ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና የገመዱን ጫፍ ያዘለት። «ለብሎኬቱ ሰውዬ ሌላ ቦታ ፈልግ እለዋለሁ» አለ። «እኔም አመሰግንሃለሁ፣ ወንድሜ። እማዬን እንዲህ ተቀምጣ ሳያት ደስ ይለኛል።» አይነቅሌ ገመዱን አጥብቆ ቋጠረ።

ወጥ ቤት አድርሶ ሲመለስ ለቤት ያስቀራቸውን ቀይ ሥሮች በሳህን ይዞ እትዬ አጠገብ ቁጭ አለ። ከመጀመሪያው መደብ የተረፉትንና አጥሩ ሥር ያደጉትን አንድ ላይ ቀላቅሏቸው ነበር።

«እትዬ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሲበዛ የተነቀለው የትኛው ነው?» አላቸው።

እትዬ አንድ በአንድ አነሷቸው። ቆዳቸውን በአውራ ጣታቸው አሻሹ፣ ክብደታቸውን መዘኑ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ደግመው አንዱን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«አያስታውቅም» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ አይነቅሌ።

«ለምኑ?»

«ስላመጡኝ።»

እትዬ እጃቸውን ወደ ድምፁ ልከው ጸጉሩን ዳበሱት። ጣታቸው አፈር በአፈር ሆኖ ነበር። አይነቅሌ ተነሥቶ በሰማያዊዋ ኩባያ ውሃ ቀድቶ እጃቸውን አስታጠባቸው።